የባንኮክ የመንገድ ዳር ምግብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለሕክምና፣ ለንግድም ሆነ ለጉብኝት ባንኮክ ለሚሄድ ሰው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ የአውሮፓ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምሄደው። ከየትኛው ሰፈር ልጀምር?

አንድ ምሽት ብቻ ካለዎት ወደ ያዋራት ይሂዱ፤ የቻይናውያን ሰፈር ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ዋት ማንግኮን ጣቢያ ይውረዱ። ጣቢያው የተከፈተው በ2019 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች «ታክሲ ይያዙ» ይላሉ፤ ማታ ማታ ያ መንገድ ስለሚጨናነቅ አይስሟቸው። ሰኞ ግን አይሂዱ፤ አብዛኞቹ ሻጮች የሚያርፉበት ቀን ነው።

ቀን ላይ የሚመቸው ከሲሪራት ሆስፒታል ጎን ያለው የዋንግ ላንግ ገበያ ነው። ከወንዙ ማዶ በጀልባ ይሻገሩታል፤ ገዢው ተማሪና ነርስ ስለሆነ ዋጋው የአገሬው ነው። ልብስ ለመግዛት ፕራቱናም ያረፈ ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከሆቴሉ ጀርባ ያሉት ጠባብ መንገዶች ይበቁታል። እነዚህ የጎን መንገዶች «ሶይ» ይባላሉ። የከተማው አስተዳደር ከትልልቆቹ ጎዳናዎች እግረኛ መንገድ ላይ ብዙ ሻጮችን ስላስነሳ ጥሩ ምግብ የሚገኘው ሶይ ውስጥ ነው።

በስንት ሰዓት ልውጣ?

ባንኮክ ውስጥ «የት?» ከሚለው ይልቅ «መቼ?» የሚለው ይበልጣል፤ ያው የመንገድ ጥግ ጠዋትና ማታ የተለያየ ሰው ይሸጥበታል። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት በእንጨት የተሰካ ጥብስና የሩዝ ገንፎ አለ። ከ5 እስከ 7 ሰዓት የቢሮ ሠራተኛው ምሳ ነው። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ጋብ ይላል፤ በዚህ ሰዓት ድስት ውስጥ የሚያገኙት ከምሳ የተረፈውን ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ከሰሉ ይቀጣጠልና እስከ ሌሊት ይዘልቃል።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ታይላንዳውያንም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። በአውሮፓ አቆጣጠር 7 ሰዓት የሚባለውን «ኑንግ ቱም» ይሉታል፤ የምሽት አንድ ማለት ነው። ቀጣዩ «ሶንግ ቱም»፣ ሁለት ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ ግን እንደገና ከአንድ ስለሚጀምሩ አይገጥምም። የጽሑፍ ሰዓት ሁሉ ደግሞ በአውሮፓው አቆጣጠር ነው።

ዋጋው ስንት ነው? በካርድስ መክፈል ይቻላል?

አንድ ሳህን ሩዝ ከነወጡ ወይም አንድ ሳህን ኑድል ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። በእንጨት የተሰካ ጥብስ አንዱ ከ10 እስከ 15፣ ማንጎ ከጣፋጭ ሩዝ ጋር 100 እና ከዚያ በላይ ነው። ቱሪስት የሚበዛበት ቦታ ይጨምራል። የምግብ ዋጋ አይከራከሩም፤ ጉርሻም አይጠበቅም። ዋጋ ካልተለጠፈ ከማዘዝዎ በፊት «ታኦ ራይ?» (ስንት ነው?) ይበሉ፤ በተለይ በኪሎ የሚመዘን የባሕር ምግብ ላይ። ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ የሚያማርረው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ነው።

ካርድ አይሠራም። ጋሪው ላይ የተለጠፈው ኪውአር ኮድ ለታይላንድ ባንክ ደንበኞች ነው፤ የብዙዎቻችን የባንክ መተግበሪያ አያነበውም። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ የውጭ ካርድ በኤቲኤም ባወጡ ቁጥር 220 ባህት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቆረጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት አንዴ ጠቅልሎ ማውጣት ያዋጣል። ኤቲኤሙ ባለ 1000 ኖት ይሰጣል፤ በ15 ባህት ጥብስ ላይ 1000 ሲዘረጉለት ሻጩ ፊቱን ቢያኮማትር አይፍረዱበት። መጀመሪያ ሰቨን ኢለቨን (በየሰፈሩ ያለ ሱቅ) ገብተው ውሃ ይግዙና ይዘርዝሩት።

ኑድል ሳዝ የሚደረደሩብኝ ጥያቄዎች ምንድን ናቸው?

ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የኑድሉ ዓይነት ነው፦ «ሴን ሌክ» ቀጭን፣ «ሴን ያይ» ሰፊ፣ «ሴን ሚ» እንደ ክር የሳሳ፤ ሦስቱም ከሩዝ የሚሠሩ ናቸው። «ባ ሚ» ግን ቢጫ ነው፤ ስንዴና እንቁላል አለበት። ሁለተኛው መረቅ ነው ወይስ ደረቅ የሚለው ነው፦ «ናም» ወይም «ሄንግ»። ሦስተኛው ሥጋው ነው። ሁሉም መስታወቱ ውስጥ ተደርድሮ ስለሚታይ በጣት ማመልከት ነውር የለውም።

ምግቡ የሚመጣው ሆን ተብሎ ሳይጠናቀቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ዕቃ ያገኛሉ፦ ስኳር፣ የተፈጨ ደረቅ በርበሬ፣ ቃሪያ የተከተፈበት ኮምጣጤ እና የዓሣ መረቅ (ናም ፕላ፤ በጨው ከተብላላ ዓሣ የሚወጣ ቡናማ ፈሳሽ)። መጀመሪያ መረቁን ይቅመሱ፣ ከዚያ በየግማሽ ማንኪያ ይጨምሩ። ስኳሩን የሚዘሉ ሰዎች «ጎመዘዘኝ» ይላሉ፤ የተቀመጠው ኮምጣጤውንና ጨውን ለማስታረቅ ነው።

ሩዝ በማንኪያ ነው የሚበላው፤ ሹካው ወደ ማንኪያው ለመግፋት ነው። የሚጣበቀው ሩዝ፣ ካኦ ኒያው፣ ግን በእጅ ተድቦልቡሎ ወጥ ይጠቀስበታል። በዚህ በኩል እኛ ትምህርት አያስፈልገንም።

ሆዴን ያመኛል?

ከባድ እሳት ላይ፣ ዓይንዎ እያየ በጎድጓዳ ብረት ምጣድ የተጠበሰ ምግብ ብዙም አያሰጋም። ችግር የሚያመጣው በስሎ የቆየው ነው። በትሪ ተደርድሮ ከሩዝ ጋር የሚሸጠው ወጥ (ካኦ ጌንግ) የሚበስለው ማለዳ ነው። እስከ 5 ሰዓት ሲበሉት ግሩም ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ያው ትሪ በ35 ዲግሪ ሙቀት ሲለበለብ ውሏል። ሌላው ጥሬ ነገር ነው፦ ከፓፓያው ሰላጣ ጋር የሚወቀጠው ትንሽ ጥሬ ሸርጣን፣ ለብ ብሎ የወጣ ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ምግብ፣ ተልጦ ያለ በረዶ የተቀመጠ ፍራፍሬ።

አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚሠራና ሰልፍ ያለበት ጋሪ ይምረጡ። ዕቃው ስለማይቆይ ነው፤ ሰልፉ ብቻውን የጣዕም ምስክር አይደለም። ብሩን የሚቀበለውና ምግቡን የሚነካው እጅ አንድ መሆን አለመሆኑንም አየት ያድርጉ።

ከታመሙ የውሃና ጨው ማካካሻ ዱቄት (ኦአርኤስ) በየፋርማሲው አለ። ትኩሳት ካለ፣ ደም ከታየ ወይም ሁለት ቀን ካለፈው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

በረዶውና ውሃውስ?

መሐሉ ቀዳዳ ያለው እንደ ቱቦ የተቆረጠ በረዶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ይጠጡት። ከትልቅ ግግር ተፈልጦ የደቀቀው ዓሣ ለማቀዝቀዝም ስለሚውል ቢያልፉት ይሻላል። የቧንቧ ውሃ አይጠጡ፤ የታሸገው በ10 ባህት ይገኛል።

የታሸገ ዕቃ ላይ ያለው ቀን አያስደንግጥዎ። የታይላንድ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው 543 ዓመት ይቀድማል፤ 2569 ማለት 2026 ነው። ወተት ላይ «69» የሚል ካዩ ዓመቱን ማለታቸው ነው።

ሚጥሚጣ የለመድኩ ነኝ። የታይላንድ ቃሪያ ምን ያደርገኛል?

ብዙ ሐበሻ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በርበሬያችን ደርቆ፣ ታምሶ፣ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ሰዓታት በስሎ ነው የሚቀርብልን፤ እንጀራው ደግሞ ያለዝበዋል። ሶም ታም (የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ) ውስጥ ያለው ትንሹ ቃሪያ ጥሬውን በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ያለ ዘይት በቀጥታ ምላስ ላይ ያርፋል። እዚያ አገር «ትንሽ ያቃጥላል» ማለት ሦስት ወይም አራት ፍሬ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ትንሽ» አይበሉ፤ በቁጥር ይዘዙ። ሻጯ ሙቀጫዋን ከማንሳቷ በፊት «ፕሪክ ሜት ዲያው» ይበሉ፤ አንድ ፍሬ ቃሪያ ማለት ነው። ምንም ካልፈለጉ «ማይ ሳይ ፕሪክ»። «ማይ ፔት» (አያቃጥል) የሚለው ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተወቀጠው ሙቀጫው ላይ ቀርቷልና። ካቃጠለዎት ውሃ አይረዳም፤ የሚጣበቀውን ሩዝ ያኝኩ ወይም ጣፋጭ የወተት ሻይ ይጠጡ።

የአሳማ ሥጋ አልበላም። ምን ልበል? ከምንስ ልጠንቀቅ?

ዋናው ዓረፍተ ነገር «ጊን ሙ ማይ ዳይ» ነው፤ አሳማ መብላት አልችልም። መጨረሻ ላይ ወንድ «ክራፕ»፣ ሴት «ካ» ብትጨምር ጨዋነት ነው። «ሙ» አሳማ፣ «ጋይ» ዶሮ፣ «ኑአ» በሬ፣ «ፕላ» ዓሣ፣ «ጉንግ» ሽሪምፕ፣ «ፑ» ሸርጣን ነው። እንቁላል «ካይ» ስለሚባል ከዶሮው «ጋይ» ጋር ይምታታል፤ ጣት ማመልከት ያድናል።

አስቸጋሪው የሚታየው ሥጋ አይደለም፤ የማይታየው ነው። አብዛኛው የኑድል መረቅ የሚፈላው በአሳማ አጥንት ነው፤ ላዩ ላይ የተቀመጠው ዶሮ ወይም የዓሣ ድቡልቡል ቢሆንም። መረቁ ላይ የሚነሰነሰው የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው። ፓት ጋፕራኦ (ከበሶብላ ዘመድ ቅጠል ጋር የሚጠበስ ሥጋ) ዝም ብለው ካዘዙት የተፈጨ አሳማ ሊመጣ ይችላል፤ «ጋፕራኦ ጋይ» ብለው ዶሮ ይጥሩ። የዶሮ ጥብስ (ጋይ ያንግ) የሚሸጥበት ፍርግርግ ላይም የአሳማ አንገት አብሮ ይጠበሳል።

የሚሻለው ዶሮ ብቻ ወደሚሸጥበት መሄድ ነው። ካኦ ማን ጋይ የተቀቀለ ዶሮ በዶሮ መረቅና ስብ በበሰለ ሩዝ ላይ ነው፤ ፕራቱናም ውስጥ አስተናጋጆቹ ሮዝ ቲሸርት የለበሱበት ቤት በዚህ የታወቀ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሥጋው ጎን ጥቁር ቡናማ፣ እንደ ጉበት የለሰለሰ ቁራጭ ይቀመጣል። የረጋ ደም ነው። «ማይ ኦ ሉአት» (ደም አልፈልግም) ብለው አስቀድመው ያስወጡት።

የጀልባ ኑድል የሚባለው ውስጥ ደም አለበት ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ኩዋይ ቲያው ሩአ ድሮ በቦይ ላይ ከጀልባ ይሸጥ የነበረ ነው፤ ሳህኑ ያን ያህል ትንሽ የሆነውም ከጀልባ ወደ ዳር ሲቀባበሉት እንዳይፈስ ነው ይባላል። ዛሬ ቪክቶሪ ሞኑመንት ጣቢያ አጠገብ ባለው ቦይ ዳር ተደርድረው ይሸጣሉ፤ አንድ ሰው ብዙ ሳህን ይደራርባል። መረቁን የሚያጠቁረውና የሚያወፍረው «ናም ቶክ» የሚባለው ጥሬ ደም ነው፤ በሚፈላው መረቅ ይበስላል። «ማይ ሳይ ናም ቶክ» ቢሉ ያለ ደም ይሠሩልዎታል፤ ግን ጭልፋውና ማሰሮው ያው ስለሆነ በዚህ ጥብቅ የሆነ ሰው ቢተወው ይሻላል።

ሃላል የት አገኛለሁ?

የታይላንድ ሙስሊሞች ብዙ ናቸው፤ ምግባቸውም ከከተማው ምርጥ ምግቦች አንዱ ነው። በራቻቴዊ አቅራቢያ ፔቻቡሪ ሶይ 7 መስጊድ ያለበት መንገድ ነው፤ ካኦ ሞክ ጋይ (ቢጫ ሩዝ ከዶሮ ጋር፣ ከቢሪያኒ የሚመደብ) እና የበሬ መረቅ ይገኛል። ቻሮን ክሩንግ ሶይ 36 ውስጥ የሃሩን መስጊድ አካባቢም እንዲሁ። ሱኩምቪት ሶይ 3 ዙሪያ፣ ከባምሩንግራድ ሆስፒታል በእግር በሚደረስበት፣ የዐረብ ምግብ ቤቶች ሰፈር አለ፤ ጣፋጭ ነው፣ የታይላንድ ምግብ ግን አይደለም።

የሃላል ምልክት ያለው ወይም ሻጯ ሂጃብ የለበሰችበት ጋሪ ጥሩ መነሻ ነው። አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ማብራሪያ ሳያበዛ እዚህ ቢበላ ይገላገላል።

ጾም ላይ ነኝ። የምበላው አገኛለሁ?

ያገኛሉ፤ ግን «ሥጋ የለውም» ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ቅጠላ ቅጠል ጥብሱ ላይ የኦይስተር (ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) መረቅ፣ ሶም ታም ላይ የደረቀ ሽሪምፕና የዓሣ መረቅ፣ የወጡ ቅመም ውስጥ የሽሪምፕ ድልህ አለ። ማወቅ ያለብዎት ቃል «ጄ» ነው። በቻይናውያን ቡድሂስቶች ሥርዓት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ነው፤ ከእኛም ይጠብቃል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ጽሕፈት ነው። «ማንግሳዊራት» ከተባለ ግን እንቁላልና ወተት ሊኖረው ስለሚችል አይሆንም።

በዓመት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ዘጠኝ ቀን የሚቆይ የጄ በዓል አለ። ያኔ ያዋራት በቢጫ ባንዲራ ይሞላል፤ በአንዳንድ ዓመት ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል። በሌላ ጊዜ ወደ ሻጩ ሄደው «ጊን ጄ» (ጄ ነው የምበላው) ይበሉና ያረጋግጡ። ፓት ታይ (የተጠበሰ ኑድል) ሲያዙ «ማይ ሳይ ካይ፣ ማይ ሳይ ጉንግ ሄንግ፣ ማይ ሳይ ናም ፕላ» (እንቁላል፣ የደረቀ ሽሪምፕና የዓሣ መረቅ አታድርጉ) ካሉ በኋላ የሚቀረው ኑድል፣ ቶፉ፣ የማሾ ቡቃያ፣ ኦቾሎኒና የሁመር መረቅ ነው። አኩሪ አተር መረቅ ቢጨምሩበት ይበላል። ነገር ግን የሁመሩ መረቅ አስቀድሞ ከዓሣ መረቅ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣባቸው ጋሪዎች አሉ፤ ጥያቄዎን ሰምቶ ሻጩ «አይሆንም» ብሎ ራሱን ከነቀነቀ ይለፉት።

ጣፋጩ ቀላል ነው። ማንጎና የሚጣበቅ ሩዝ በኮኮናት ወተት፣ ስኳርና ጨው ብቻ ይሠራል። በሩዝ ዱቄት፣ በኮኮናትና በሰሊጥ የተጠበሰ ሙዝም አለ። ሮቲው (በምጣድ የሚጠበስ ስስ ቂጣ) ግን እንቁላልና ወተት አለበት። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ደግሞ የከተማው ሰዓት ተስማሚ ነው፤ ጋብ ያለው ሰዓት አልፎ ጋሪዎቹ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ዓሣስ?

በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተወው። በፍስክ ግን «ፕላ ፓኦ» ይፈልጉ፦ ሆዱ ውስጥ ጠጅ ሣር ተጠቅጥቆ፣ ቆዳው በወፍራም ጨው ተለብጦ በከሰል የሚጠበስ ሙሉ ዓሣ። ጨው የበዛበት ቢመስልም ቅርፊቱ ከነቆዳው ተገፎ ስለሚጣል ሥጋው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

«ፕላ ኒን» ከተባለ ዓሣው የናይል ቆሮሶ ነው፤ ጣና ላይ የምናውቀው ራሱ። በ1965 ያኔ የጃፓን አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ 50 ዓሣ ለንጉሥ ቡሚቦል ልከው በቤተ መንግሥት ኩሬ ረብቶ ወደ አገሩ ተሠራጨ። ባንኮክ ላይ የጣና ዘመድ ሲጠብሱልዎት ማለት ነው።

የሚሼሊን ኮከብ ያላት የመንገድ ዳር ወጥ ሠሪ ጋ መሄድ ያዋጣል?

ጄይ ፋይን ማለትዎ ነው። ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው የሚሼሊን መመሪያ ለባንኮክ ባወጣው የመጀመሪያ እትም፣ በ2018ቱ፣ ኮከብ አግኝታለች። ታዋቂው የሸርጣን ኦምሌቷ ከ1000 ባህት በላይ ሲሆን ወረፋው ሰዓታት ይወስዳል። ሸርጣን የማይበላ ሰው ለፎቶ ካልሆነ በቀር ምክንያት የለውም፤ በዚያ ገንዘብ አሥር ጋሪ ይዞራሉ።

ለሕክምና ነው የመጣሁት። ልበላ እችላለሁ?

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወይም ደም መርጋትን በሚከላከል መድኃኒት ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ደም ግፊት ካለብዎት ዋናው ጠላት የዓሣና የአኩሪ አተር መረቅ ነው፤ ሁለቱም በጣም ጨዋማ ናቸው። የኑድሉን ሥጋና ክር በልተው መረቁን ሳህኑ ላይ ይተዉት፤ አብዛኛው ጨው እዚያ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ፓት ታይም፣ የፓፓያ ሰላጣም፣ ብርቱካናማው ሻይም ስኳር እንደሚገባባቸው ይወቅ። «ማይ ሳይ ናም ታን» ስኳር አታድርጉ ማለት ነው፤ «ዋን ኖይ» ደግሞ ስኳር ቀነስ።

ብዙ ሰው የማያውቀው የፍራፍሬው ነገር ነው። ተልጦ በየጋሪው የሚሸጠው «ሶም ኦ» (የትልቅ ትርንጎ መጠን ያለው ፖሜሎ) የግሬፕፍሩት ቤተሰብ ነው። ከአንዳንድ የኮሌስትሮል፣ የደም ግፊትና ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሚሰጡ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የመድኃኒቱን ማሸጊያ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለፋርማሲው ባለሙያ ያሳዩ፤ እስከዚያው ፓፓያ ወይም ሐብሐብ ይግዙ፣ ዓይንዎ እያየ የተቆረጠውን።